በሩን የከፈተው ሰው ይጠየቃል?

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለችው ቀበሌ መሬት ተንዶ ቤተሰብ ከነቤቱ ቀበረ። ጎረቤቱን ለማውጣት የሮጠው ሕዝብ ገና ቁፋሮ ላይ እንዳለ ናዳው ዳግመኛ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹም መካከል ለእርዳታ የደረሱ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩበት። ከዚያም በእጅና በአካፋ ለቀናት ተቆፈረ።

በዚያን ጊዜ ስለ ሟቾቹ ብዙ ተጻፈ፤ ስለ ቆፋሪዎቹም ተጻፈ። አንድ ወገን ግን ሁልጊዜ ይረሳል። ከሩቅ የመጣው ደራሽ ማታ የት ያድራል? እርጥብ ልብሱን የት ያደርቃል? በሀገራችን ለዚህ የተዘጋጀ ሕንጻ ባለበት ቦታ አደጋ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ደራሹን የሚያሳድረው ያገሬው ሰው ነው። ታዲያ ይህን ሰው ሕጉ ያውቀዋል ወይ?

እስቲ ለምሳሌ ያህል አምበርን እንውሰድ። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በክረምት ሌሊት አውቶቡስ ተገለበጠ እንበል። አምቡላንስና በጎ ፈቃደኞች መጡ። አንድ ነጋዴ የእህል መጋዘኑን ከፍቶ፣ ሰሌን አንጥፎ፣ ሻይ አፍልቶ አስተናገዳቸው። ሊነጋጋ ሲል ዝናብ የጠጣው ግድግዳ ተደርምሶ የአንዱን በጎ ፈቃደኛ እግር ሰበረው። ማን ይክፈል?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2077 ሕንጻ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። አደጋው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ ይጠየቃል። ጥፋት አለበት ወይስ የለበትም ተብሎ አይመረመርም። ይህ ድንጋጌ ቤቱን አከራይቶ ትርፍ ለሚሰበስብ ሰው ተገቢ ሊሆን ይችላል። የኛን ነጋዴ ግን በመልካም ሥራው ከሳሽ ያመጣበታል። ጎበዝ ጠበቃ ያገኘ እንደሆነ «ያለ ክፍያ ያደረግሁት ነው» የሚል መከላከያ ሊያነሳ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በሌሊት በሩ የተንኳኳበት ሰው የሚያስፈልገው ከዓመታት በኋላ የሚረታበት ክርክር አይደለም። ከመክፈቱ በፊት የሚያውቀው ግልጽ ሕግ ነው የሚያስፈልገው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላ አንቀጽ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 ለሕይወቱ በሚያሰጋ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት መርዳት ሲችል ሆን ብሎ ትቶት የሄደን ሰው ይቀጣል። እንግዲህ ሕጉ በአንድ አፉ «እርዳ» ይላል፤ በሌላው አፉ የረዳህበት ቤት ከፈረሰ ክፈል ይላል።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ጉዳይ በምን መልክ እንዳዩት መመልከት ጠቃሚ ነው። ያዘመመ ግድግዳ ጉዳይ በተለይ በሐነፊ መዝሀብ የታወቀ ርዕስ ነው። የዑስማንያ መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ ያዘጋጀው መጀለህ የተባለው የሕግ መድብል በአንቀጽ 928 እንደሚለው፣ ግድግዳ ወድቆ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ የሚጠየቀው ግድግዳው አስቀድሞ ያዘመመ ከሆነ፣ እንዲያፈርሰውም ተነግሮት፣ ለማፍረስ የሚበቃ ጊዜ እያለው ከተወው ነው። ያላወቀው፣ ያልተነገረውም ሰው አይከፍልም። በአት-ተውባ ሱራ 91ኛው አንቀጽ፣ ለዘመቻ የሚሆን አቅም ስላጡ ሰዎች ሲነገር፣ መልካም ሠሪዎችን ለመወንጀል መንገድ እንደሌለ ተመልክቷል። ዑለማኦችም ከዚህ ተነስተው፣ ድንበር እስካላለፈና ቸል እስካላለ ድረስ በጎ አድራጊ ዕዳ አይሸከምም የሚለውን መርሕ አስፋፍተዋል። አደራ ጠባቂም ያለ ጥፋቱ ለጠፋበት ዕቃ የማይከፍለው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ማለት የአስተናጋጁ ንብረት እንደ ባለቤት አልባ ይቆጠር ማለት አይደለም። የመጀለህ 33ኛ አንቀጽ የአንዱ መቸገር የሌላውን መብት አይሽርም ይላል። ርሀብ ያስገደደው ሰው የሌላውን ዳቦ ቢበላ ነፍሱን አዳነ፤ ዋጋው ግን ዕዳው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2066 ራሱን ወይም ሌላውን ለማዳን ሲል አውቆ የሰው ንብረት የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። ሁለቱ ሕጎች በዚህ ላይ መገናኘታቸው ደስ ይላል። ስለዚህ ለደራሾቹ ማገዶ የሆነው አጥር፣ በመኪና የተረገጠው የጤፍ ማሳ፣ ያለቀው እህል ከፋይ ሊኖረው ይገባል። ከፋዩም መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 አደጋን የመከላከልና ለተጎጂዎች በወቅቱ እርዳታ የማቅረብ ግዴታን የጣለው በመንግሥት ላይ እንጂ በአምበር ነጋዴ ላይ አይደለም።

እዚህ ላይ የእንግዳ ሐዲስ ትልቅ ብልሃት ያሳየናል። እንግዳን ማስተናገድ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሶደቃ መሆኑን፣ እንግዳውም ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ መቆየት እንደማይፈቀድለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የነፍስ አድን ሥራ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከሦስት ቀን በኋላ ስንቁንና ኪራዩን መንግሥት ይሸፍን ብንል ከየት አመጣችሁት የሚለን አይኖርም። ገበሬያችን የመንግሥት እንግዳ ሲባል የሚደነግጠው በከንቱ አይደለም። ወታደር በጭሰኛ ቤት እየተመራ የሚቀለብበት ዘመን ነበረ፤ አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም ገደማ አሥራት የደነገጉትም ይህንኑ ጣጣ ለማስቀረት ነው።

በአሜሪካ ብዙ ክፍላተ ግዛቶች በአደጋ ጊዜ ቤቱን ወይም ቦታውን ያለ ክፍያ ለመጠለያ የፈቀደ ባለንብረት፣ በዚያ ለሚደርስ ጉዳት በካሣ እንዳይከሰስ የሚከላከል ሕግ አላቸው። ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የጎዳ ሰው ግን በአብዛኛው ከለላውን አያገኝም። የኛም ሕግ ይህን ያህል ቢል ይበቃል። መሰንጠቁን እያወቀ የደበቀ ባለቤት ይጠየቅ፤ ኪራይ የተቀበለም እንደ አከራይ ይታይ። መስጊዶችና የወቅፍ ቤቶችም በከለላው ውስጥ በስም ቢጠቀሱ መልካም ነው፤ የመስጊድ ኮሚቴ በሌላው ሀብት ላይ ጠባቂ ስለሆነ ከግለሰብ ይልቅ ይፈራልና።

ሌላው ፍርሃት ከካሣ የከፋ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት «ማንን አሳደርክ?» የሚለው ጥያቄ የሚያስከትለውን መዘዝ ያገሬው ሰው ያውቀዋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ1949 እ.ኤ.አ የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ቁስለኛን ወይም በሽተኛን በማስታመሙ ሊንገላታም ሆነ ሊፈረድበት እንደማይገባ ይደነግጋል። ቁስለኛውን ያስታመመ ካልተቀጣ፣ ቁስለኛውን የሚያመላልሰውን የአምቡላንስ ሾፌር ያሳደረ በምን ሂሳብ ይቀጣል? ይህም በሀገር ውስጥ ሕጋችን በግልጽ ሊሰፍር ይገባዋል።

ሕጉ እስኪወጣ አስተናጋጁ ራሱን የሚጠብቅበት ቀላል መንገድ አለ። በአል-በቀራህ ሱራ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን በጽሑፍና በምስክር እንድናጸና ታዘናል። ሲነጋ ቀበሌ ሄዶ ማን፣ ስንት ሰው፣ ከመቼ ጀምሮ በቤቱ እንዳረፈ፣ ኪራይም እንዳልተቀበለ በሁለት ምስክር አስጽፎ ማኅተም ያስመታ። ግድግዳው የሚያሰጋ ከሆነም ለእንግዶቹ ቡድን መሪ በምስክር ፊት ይንገር፤ ወረቀቱም ላይ ይስፈር። አንዱን ቅጂ ለመሪው ይስጥ፤ ሌላውን እቤቱ ያስቀምጥ።