የቻይና ሥልጣኔ ከየት ተነሣ?

ዛሬ በትምህርት ዓምዳችን ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንሄዳለን። በየማጀቱ የምናጥበውን ሰሃን ስንገለብጠው «በቻይና የተሠራ» የሚል ጽሑፍ እናያለንና፣ የዚያችን አገር አጀማመር ጥቂት ብናውቅ አይከፋም።

እ.ኤ.አ. በ1921 ዮሐን ጉናር አንደርሶን የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ምድር ባለሙያ ያንግሻኦ በምትባል የሄናን መንደር አስቆፍሮ ቀለም የተቀባ ውብ የሸክላ ዕቃ አገኘ። ሰውዬው ወደ ቻይና የመጣው ለመንግሥቱ የማዕድን አማካሪ ሆኖ ነበር። ሸክላው በምዕራብ አገሮች ከተገኘው ጋር ስለተመሳሰለበት ጥበቡ ከዚያ የመጣ መሰለው። ችኮላ ነበር እንላለን። በኋላ ቻይናውያን ተመራማሪዎች ራሳቸው ሲቆፍሩ፣ የሰሜኑ ሕዝብ ዳጉሳ መሰል ደቃቅ እህል፣ የደቡቡ ደግሞ ሩዝ በገዛ አገሩ ማልማቱን አረጋገጡ። ስንዴና በግ ግን በእርግጥ ከምዕራብ ገብተዋል።

ከ1954 እስከ 1957 በሺያን ከተማ አጠገብ የተቆፈረው ባንፖ ከ6 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መንደር ነው። ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮለታል። የሞቱ ሕፃናት በቤቶቹ አጠገብ በሸክላ ጋን ውስጥ ይቀበሩ ነበር። በጋኑ ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ለነፍሳቸው መውጫ ትሆን ዘንድ ነው ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ላጂያ ነው። ላጂያ በቢጫ ወንዝ ላይኛው ተፋሰስ፣ በቺንግሃይ ክፍለ ሀገር የሚገኝ፣ የድንጋይ ዘመን አልቆ የነሐስ ዘመን በሚጀምርበት ወቅት የነበረ መንደር ነው። የዛሬ 4 ሺህ ዓመት ገደማ ምድር ተንቀጠቀጠችና ከአፈር ተፈልፍለው የተሠሩት ቤቶች በነዋሪዎቹ ላይ ተደረመሱ። በአንዱ ቤት ብቻ የ14 ሰዎች አፅም ተገኝቷል፤ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

በሌላ ቤት ወለል ላይ ደግሞ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ተደፍቶ ተገኘ። ሲያነሡት ከሥሩ ቀጭንና ረጅም ኑድል ነበረ፤ እኛ በዓረብ ቤት ኢንዶሚ የምንለው ዓይነት መልክ ያለው። አየር ሲነካው ወዲያው መፍረስ ጀመረ። ተመራማሪዎቹ በ2005 እንደገለጹት የተሠራው ከዚያው ደቃቅ እህል ነው፤ እንዲህ ያለው ዱቄት እንዴት ሊሳብ ቻለ ብለው የተከራከሩም አሉ። እኛም ሊጥ ስላቦካን ጥያቄው ይገባናል።

በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት እንደሚለው፣ ያው መንቀጥቀጥ ተራራ ንዶ ወንዙን ለወራት ከገደበው በኋላ ግድቡ ተጥሶ ታላቅ ጎርፍ ወረደ። የጥናቱ ባለቤቶች ይህን የመጀመሪያው የቻይና ሥርወ መንግሥት፣ የሺያ መሥራች ነው ከሚባለው ከዩ ታሪክ ጋር ያያይዙታል። በትውፊቱ ዩ እንደ ኖኅ መርከብ አልሠራም፤ ቦይ እያስቆፈረ ውኃውን ወደ ባሕር መራው እንጂ። ይህን ማያያዝ ያልተቀበሉ ምሁራን ብዙ ናቸው።

ከላጂያ አፅሞች መካከል በግድግዳው ጥግ ልጅ እንዳቀፈች የቀረች ሴት አለች። ቤቱ ሲወድቅ በገላዋ ልትከልለው የሞከረች ትመስላለች። መጀመሪያ ሁሉም እናቱ ናት አለ። በኋላ ግን ከአጥንታቸው የዘር ምርመራ ሲደረግ ልጁ ከእርሷ እንዳልተወለደ ታወቀ። አክስቱ ትሁን፣ ጎረቤት ትሁን፣ ወይም ልጁን ስታሳድግ የኖረች ሌላ ሴት፣ አጥንቱ አይናገርም። ብዙዎች በዚህ ተገርመዋል። እኛ ግን የሰው ልጅ ታቅፈን የምናድር ስለሆንን ያን ያህል አልገረመንም።