ፍቅር ሥርዓት ሲኖራት
ትምህርት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በሰፈራችን አንድ ቤተሰብ ችግር ላይ ወደቀ ሲባል ልባችን ያዝናል። እንጀራ የሚልክ፥ ልብስ የሚሰጥ፥ ገንዘብ የሚያዋጣ አይጠፋም። ከሳምንት በኋላ ግን «ያ ቤት ምን በልቶ አደረ?» ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? የዛሬው ትምህርታችን ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነው፤ መልሱንም ከአንዲት ቁምስና ታሪክ እንማራለን።

በ1617 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል በፈረንሳይ አገር ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ቆሞስ ነበረ። በነሐሴ ወር በአንድ እሑድ፥ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ቤት ቤተሰቡ በሙሉ ታሞ እንደ ተኛና አስታማሚ እንዳጣ ነገሩት። እርሱም በስብከቱ ይህን ለሕዝቡ አስታወቀ። ከቀትር በኋላ ሊጠይቃቸው ሲሄድ፥ መንገዱ ምግብ ይዘው በሚሄዱና አድርሰው በሚመለሱ ሰዎች ተሞልቶ አገኘው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ረክቶ በተመለሰ ነበር። ቅዱሱ ግን አንድ ጉድለት አስተዋለ፤ ፍቅሩ ታላቅ ነው፥ ሥርዓት ግን የለውም። በአንድ ቀን የመጣው ምግብ ስለሚበዛ ከፊሉ ይበላሻል፤ ሕሙማኑም ነገ እንደ ትናንቱ ይቸገራሉ። ስለዚህ ከጥቂት ቀናት በኋላ የቁምስናውን ሴቶች ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ። በዚያው ዓመት የተጻፈው ደንብም በሊዮን ሀገረ ስብከት ጸደቀ።

በደንቡ መሠረት አባላቱ በየተራ፥ እያንዳንዷ በቀንዋ፥ ምግብ አብስላ ለሕሙማን ታደርሳለች። ማኅበሩ አለቃ አለው፤ ገንዘቡንም በኃላፊነት የሚይዝ ሰው አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ የሚነካው ስለ አቀራረብ የተጻፈው ነው። አገልጋይቱ በሽተኛውን በደስታና በፍቅር ሰላም ትለዋለች፤ ገበታውን ታዘጋጃለች፤ እጁን ታስታጥበዋለች። ጉብኝቷንም ሰው ካለው በሽተኛ ጀምራ ብቻውን በሆነው ትፈጽማለች፤ ይህም ከብቸኛው ዘንድ ረዘም ላለ ጊዜ እንድትቆይ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በዕለታዊው ምግብ እደላ መበለቶች ስለ ተዘነጉ፥ ሐዋርያት ጸልየው ሰባት ሰዎችን ሾሙ። ሥርዓት መሥራት ፍቅርን ማቀዝቀዝ ሳይሆን፥ ማንም እንዳይረሳ መጠበቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የሻቲዮን ዘር ብዙ ፍሬ አፍርቷል። ቅዱስ ቪንሰንት በ1625 የካህናት ማኅበር፥ በ1633 ደግሞ ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር የደናግል ማኅበር መሠረተ። በ1839 ወደ አገራችን የመጣው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም የዚሁ የካህናት ማኅበር ልጅ ነበረ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በእድራችን መዝገብ አለን፤ ተራ አለን፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለን። የሞተውን በክብር ለመቅበር ይህን ያህል ከተጋን፥ በሕይወት ያለውን ቤተሰብ ለመደገፍ ለምን እንሰንፋለን? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ ጥቂት ቤተሰቦች ተራ ቢገቡ ለማንም አይከብድም። ደግሞም የተቸገረ ሁሉ አይለምንም፤ ይሉኝታ ይዞት በሩን ዘግቶ የሚራብ አለ። እርሱን የሚያገኘው በሩን የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው። ባገኘው ጊዜም ምስጢሩን ይጠብቅለት፤ ከእንጀራው ጋር ጊዜውንም ይስጠው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ሰው የማይጠይቀው ቤት የትኛው ነው?
2. ባለፈው ዓመት የረዳነው ቤተሰብ ዛሬ በምን ሁኔታ ይገኛል?
3. በቁምስናችን ለጉብኝት ተራ ለመግባት ፈቃደኛ የሆኑት እነማን ናቸው? የመጀመሪያውስ ቀን መቼ ይሁን?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ሳይገኝ ስብሰባው ባይፈታ መልካም ነው።