ለታናናሾቻችን የኮሌጅ ዝርዝር ስናወጣ፦ ከስሙ በፊት ዝንባሌውና ሒሳቡ



ኦገስት ላይ አክስቴ ደወለችልኝ። "ልጅቷ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ገባች። አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ቁጭ ብለሽ አሳያት" አለችኝ። ይህ ስልክ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ እንደማይሆን አውቃለሁ። በየቤታችን መጀመሪያ ኮሌጅ የገባው ልጅ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለአክስትና ለአጎት ልጅ ሁሉ አማካሪ ሆኖ ይቀራል። የዛሬው ትምህርት በዚህ ቦታ ላይ ላላችሁ ነው።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ስልኳ ላይ የጻፈችውን ዝርዝር አሳየችኝ። አስራ ሁለት ኮሌጆች ናቸው። እያንዳንዱን ለምን እንደመረጠችው ስጠይቃት ለዘጠኙ "ስሙ ጥሩ ነው" አለችኝ። አልሳቅኩባትም፤ ያ ዝርዝር የኔም ነበርና።

የኔ ኤፕሪል

እኔ ስመረቅ ዝርዝሬን ያወጣሁት ብቻዬን ነው። ከሁሉ የተመኘሁት ኮሌጅ ሲቀበለኝ እናቴ አለቀሰች፣ ዘመድ ሁሉ ደወለ። ከዚያ የገንዘብ ድጋፉ ደብዳቤ መጣ። ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል፤ አባቴም "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ተቀበለው። ከኢሻ በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መስመር በመስመር አነበብነው። "ይሄ ሎን የሚለውም ስጦታ ነው?" ሲል ጠየቀኝ። አልነበረም። ከዚያ ትልቅ ቁጥር ውስጥ በዓመት 19,500 ዶላር ብድር ነበር፤ ገሚሱ በእኔ ስም፣ የሚበልጠው በእሱ ስም። በአራት ዓመት፣ ወለዱ ሳይቆጠር፣ 78,000 ዶላር ማለት ነው። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠና ለብዙ ቀን ስለ ኮሌጅ አላነሳም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ተዘዋወርኩ። በመንገዱ አልተጸጸትኩም። የሚቆጨኝ፣ ኦክቶበር ላይ ልንነጋገርበት የሚገባንን ነገር ኤፕሪል ላይ፣ ደስታው ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ መነጋገራችን ነው። ለአክስቴ ልጅ ይህ እንዳይደገም ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ሠራን።

አንደኛ፦ "ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ አትጀምሩ

ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት የእናትና የአባትን መልስ ነው። የኛም ልጅ "ዶክተር" አለች። ደም ስታይ ራሷን የምትስት ልጅ መሆኗን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩት፦ "ማንም ሳያዝሽ ጊዜሽን የምታጠፊበት ነገር ምንድን ነው?"

ትንሽ አፍራ አንድ ደብተር አመጣች። እናቷ እንጀራ ባቦካች ቁጥር ሊጡ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ የቤቱ ሙቀት ስንት እንደነበር፣ ዓይኑ እንዴት እንደወጣ ጽፋለች። በውርጭ ጊዜ እርሾው ለምን እንደሚዘገይ፣ አብሲት ሲጣል ሊጡ ውስጥ ምን እንደሚለወጥ ማወቅ ትፈልጋለች። ይህ ኬሚስትሪ ነው፤ ከዚያም አልፎ የምግብ ሳይንስ የሚባል ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ አለ። ልጅቷ ይህን ዘርፍ በስሙ አታውቀውም ነበር።

ዝንባሌው ሲታወቅ ዝርዝሩ በራሱ ይጠራል። የምግብ ሳይንስ በሁሉም ኮሌጅ አይሰጥም። ቨርጂኒያ ቴክ፣ በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና ኮርኔል ግን ይሰጣሉ። ኬሚስትሪ ደግሞ በብዙ ቦታ አለ፤ ሐሳቧን ብትለውጥም መንገድ አይዘጋባትም። ከአስራ ሁለቱ ኮሌጆች ሰባቱ በዚህ ጥያቄ ብቻ ወጡ።

ሁለተኛ፦ የተለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን የሚከፈለውን እዩ

ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የሚጽፈው ዋጋ እና አንድ ቤተሰብ የሚከፍለው ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ ያህል ይህን ሒሳብ ተመልከቱ። ኮሌጅ "ሀ" ትምህርቱን፣ መኖሪያውንና ምግቡን ጨምሮ በዓመት 84,000 ዶላር ነው፤ የማይመለስ ድጋፍ 76,000 ሰጠ እንበል። ቤተሰቡ የሚሸፍነው 8,000 ነው። ኮሌጅ "ለ" 34,000 ዶላር ነው፤ ደብዳቤው ላይ "ድጋፍ 14,500" ይላል። በችኮላ ካነበባችሁት የሚቀረው 19,500 ይመስላል። ነገር ግን ከ14,500ው ውስጥ 5,500ው ብድር ነው። እውነተኛው ድጋፍ 9,000 ነውና ቤተሰቡ የሚሸከመው 25,000 ነው። "ውድ" የተባለው ኮሌጅ ረከሰ፣ "ርካሽ" የተባለው ተወደደ።

5,500 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። በወላጅ ሥር ያለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በራሱ ስም ሊበደር የሚችለው ከፍተኛው መጠን ስለሆነ፣ በብዙ ደብዳቤ ላይ ይህን ቁጥር ታገኙታላችሁ።

ይህን ሁሉ ከማመልከት በፊት መገመት ይቻላል። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ማንኛውም ኮሌጅ ለአዲስ ተማሪዎች የተጣራ ዋጋ ማስያ ድረ ገጹ ላይ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። የቤተሰቡን የግብር ወረቀት ይዛችሁ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ሙሉት። ግምት ነው፣ ቃል ኪዳን አይደለም፤ ቢሆንም ከወሬ ይሻላል።

እግረ መንገዳችሁን ክልሉንም ተመልከቱ። አክስቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከቤታቸው ፖቶማክን ተሻግሮ ቅርብ ነው፤ ለቨርጂኒያ ነዋሪ ግን የሚያስከፍለው የውጭ ክልል ተማሪ ዋጋ ነው። ብዙ ሰዓት የሚነዳበት ቨርጂኒያ ቴክ የክልሉን ነዋሪ ዋጋ ያስከፍላል። በመንገድ የቀረበ በዋጋ ሊርቅ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ቤተሰቡን አሁን አነጋግሩ

ከባዱ ይህ ነው። የአክስቴን ባል፣ "ጋሼ፣ በዓመት ከኪስዎ ስንት ማውጣት ይችላሉ?" ብዬ ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ በኛ ባህል ቀላል አይደለም። እሳቸው ግን ዝም ብለው ተነሱና የራሳቸውን ደብተር ይዘው መጡ። የቤት ኪራይ፣ የታክሲው ኢንሹራንስ፣ በየወሩ ደሴ ላሉት እናታቸው የሚልኩት 300 ዶላር፣ ሁሉም ተጽፏል። ደምረው ቀንሰው፣ "ስድስት ሺህ። ከዚያ በላይ ካልኩሽ ውሸት ነው" አሉኝ።

ያ ቁጥር ለዝርዝሩ ከማንኛውም ደረጃ ማውጫ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኮሌጅ የሚለካው በእሱ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ወለድ ነው። የፌዴራል የተማሪ ብድር፣ በትምህርት ጊዜ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍንለት ዓይነት እንኳ ቢሆን፣ ኋላ ወለድ አለው። ስለ ሸሪዓ ብይኑ መናገር የኔ ቦታ አይደለም፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። የኔ ምክር ጊዜውን የሚመለከት ነው፦ ጥያቄው ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቅ። ጋሼ "ወለድ ያለበት ወረቀት ላይ አልፈርምም" አሉ። ይህ ዝርዝሩን አላጠበበውም፤ አቅጣጫውን ለወጠው። የድጋፍ ጥቅላቸው ውስጥ ብድር የማያስገቡ ኮሌጆች አሉና። ፕሪንስተን ይህን የጀመረው በ2001 ነው። ጆንስ ሆፕኪንስም በ2018 ከማይክል ብሉምበርግ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ከተሰጠው በኋላ ብድርን ከድጋፍ ጥቅሉ አውጥቷል። ኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪው በሳምንት ቢያንስ አስር ሰዓት ይሠራል።

ሦስተኛው የርቀት ጉዳይ ነው። ልጅቷ ሩቅ ሄዳ ማደሯ ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምግቡ፣ የመስገጃው ቦታ፣ ለዒድ መመለሻው፣ ሁሉም አሁን ይነሣ። ኋላ "አይሆንም" የሚባልበት ኮሌጅ ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ቦታ አይያዝ።

ወረቀቶቹና ቀኖቹ

ዋናው ቅጽ ፋፍሳ ነው። ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ በነጻ ነው። "ልሙላላችሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ አትክፈሉ። ተማሪውም ወላጁም የየራሳቸው መለያ ያስፈልጋቸዋል፤ ወላጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም መክፈት ይችላል። ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በዲቪ የመጡትን ጨምሮ፣ ለፌዴራል ድጋፍ ማመልከት ይችላሉ። ሌላ ዓይነት ወረቀት ያላችሁ አስቀድማችሁ የኮሌጁን የድጋፍ ቢሮ ጠይቁ። ከፋፍሳ የሚገኘው ዋናው የማይመለስ ድጋፍ ፔል ግራንት ሲሆን፣ በ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው።

ብዙ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ተጨማሪ ቅጽ ይጠይቃሉ። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ 16 ዶላር ያስከፍላል፤ የቤተሰቡ ገቢ በዓመት እስከ 100,000 ዶላር ከሆነ ግን በነጻ ነው።

አንድ የኛን ቤት የሚመለከት ነገር ልጨምር። ቅጹ ወደ ሀገር ቤት የምንልከውን ገንዘብ ከገቢ አይቀንስልንም። ገቢውም የሚወሰደው ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው የግብር ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የቀነሰ ወይም የታመመ ካለ፣ ወይም አያት የምትጦረው ከዚህ በሚላክ ገንዘብ ከሆነ፣ ለድጋፍ ቢሮው ደብዳቤ ጻፉ፤ የላካችሁበትንም ደረሰኝ አያይዙ። የመወሰን ሥልጣኑ የቢሮው ነው፤ ካልነገራችኋቸው ግን የሚያውቁበት መንገድ የለም።

የወጣው ዝርዝር

ኮመን አፕ እስከ ሃያ ኮሌጅ ያስመለክታል። ሃያ ማመልከት ግን ሃያ ጊዜ መድከም ነው። እኛ በሦስት ረድፍ ከፍለን ስድስት ያዝን።

የመጀመሪያው ረድፍ፣ በመግቢያውም በገንዘቡም የማያሰጋው፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ብዙዎቻችን ኖቫ የምንለው፣ ነው። አድቫንስ በሚባለው መርሐ ግብር ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መሸጋገሪያውን ይዞ መማር ይቻላል፤ ከቤት እየተመላለሱ ስለሆነ የመኖሪያ ወጪ የለም። ሁለተኛው ረድፍ በክልሉ ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፦ ለምግብ ሳይንሱ ቨርጂኒያ ቴክ፣ ለኬሚስትሪው ጄምስ ማዲሰንና ጆርጅ ሜሰን። ሦስተኛው ረድፍ ለመግባት የሚከብዱ፣ ከገቡ ግን የቤተሰቡን አቅም አይተው ሙሉውን ችግር የሚሸፍኑ ናቸው፦ ኮርኔልና ጆንስ ሆፕኪንስ። ሜሪላንድ በዋጋው ወጣ። ለኮርኔል አስገዳጅ በሆነው ቀደምት ምርጫ ልታመለክት ፈልጋ ነበር፤ እንዳታደርገው መከርኳት። ያ መንገድ ደብዳቤዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የማወዳደር ዕድል ያሳጣል፤ እኛ ደግሞ እስከ ሜይ 1 ድረስ ማወዳደር እንፈልጋለን።

የመጀመሪያውን ረድፍ ስጽፍ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። "ይሄ ካልሆነ ነው አይደል?" አለችኝ። እኔም በዚያው መንገድ እንደመጣሁ ነገርኳት። ዝርዝር ላይ የሚሰፍር ኮሌጅ ሁሉ "ከገባሁ ደስ ብሎኝ እማራለሁ" የምትሉት ይሁን። እንዲህ ካልሆነ ዝርዝሩ አላለቀም።

መልሶቹ የሚመጡት ማርች መጨረሻ ላይ ነው። የትኛው በር እንደሚከፈት አላህ ያውቃል። ነገር ግን ደብዳቤው ሲመጣ ጋሼ "ይሄስ ስጦታ ነው?" ብለው አይጠይቁም፤ ባለፈው እሑድ ከመግሪብ በኋላ አብረን ተቀምጠን የትኛው መስመር ስጦታ፣ የትኛው ብድር እንደሆነ በምሳሌ ደብዳቤ ላይ አጥንተዋል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

አስራ አንደኛ ወይም አስራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ዘመድ ካላችሁ፦

1. ማንም ሳያዘው የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱን ጻፉት።
2. ወላጆቹን በዓመት ከኪስ የሚወጣውን እውነተኛ ቁጥር፣ ስለ ብድር ያላቸውን አቋም፣ ስለ ርቀት የሚሰማቸውን ጠይቁ።
3. ለሦስት ኮሌጆች የተጣራ ዋጋ ማስያውን አብራችሁ ሙሉ።
4. "ስሙ ጥሩ ነው" ከሚለው ሌላ ምክንያት የሌለውን ኮሌጅ ሰርዙ።

አላህ ለታናናሾቻችን ኸይር ያለበትን መንገድ ያግራላቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም።