የኵሬ ዓሣ ጣዕም ከመኖውና ከአያያዙ እንደሚመጣ

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር መሆኗ የታወቀ ነው። ዓሣ የሚመጣላት ግን ከአትባራ ወንዝና በኢትዮጵያ ተከዜ ከሚባለው ከሰቲት ነው። የኸሽም አል ጊርባ ግድብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ተፈጸመ፤ ደለሉን ለማስወጣት በክረምት ሲከፈትም ብዙ ዓሣ በጭቃ ታፍኖ ሲሞት ታይቷል። በ2023 የተነሣው ጦርነትም ብዙ ተፈናቃዮችን ወደ አገሩ ስላመጣ የምግብ ፍላጎት ጨምሯል። ስለዚህ በኵሬ ዓሣ ማርባት ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ገበያተኛ የኵሬን ዓሣ ቀምሶ «ጭቃ ጭቃ ይላል» ሲል ጥፋቱን በዓሣው ዘር ላይ ያደርጋል። ምክንያቱ ግን ውሃው ነው። ተርፎ የወደቀ መኖ በኵሬው ሲበሰብስ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል፤ በውስጡ የሚራቡት ረቂቃን ሕዋሳትም ጂኦስሚን የተባለውን ነገር ያወጣሉ። ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚነሣው ሽታ ይኸው ነው። ዓሣው በስንጥቡ ስቦ በስቡ ውስጥ ያከማቸዋል። መድኃኒቱም ከመሸጡ በፊት ያለ መኖ በንጹሕ ውሃ ከጥቂት ቀኖች እስከ ሁለት ሳምንት ማቆየት ነው።

ሁለተኛው ነገር መኖ ነው። የሰሊጥ ፋጉሎ ገንቢ ምግብ ነው፤ ሆኖም ላይሲን የተባለው የሥጋ መሥሪያ ስለሚያንሰው ከዓሣ ዱቄት ወይም ከጥራጥሬ ጋር መደባለቅ አለበት። ማሽላ ብቻ የተመገበ ዓሣ በሆዱ ስብ ያበዛል እንጂ ሥጋ አያወጣም። የሻገተ ፋጉሎ ዓሣውን ይጎዳል፤ ዘይቱ የከረረ መኖም ጣዕሙን ያበላሻል።

ሦስተኛው አያያዝ ነው። ቆሮሶ ወንድና ሴቱ አብሮ ሲቀመጥ እጅግ ስለሚራባ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል፤ ጫጩቱን የሚበላ ጥቂት አምባዛ ቢጨመርበት ቁጥሩ ይቀንሳል። ሲጠመድ የተሯሯጠና የተጨነቀ ዓሣ ኃይሉን ስለሚጨርስ ቶሎ ይደርቃል፤ ሥጋውም ቶሎ ይላላል። ስለዚህ ሳያስጨንቁ ይዞ ወዲያው በበረዶ ማኖር ያስፈልጋል።

እንግዲህ መልካም ጣዕም ያለ ንጹሕ ውሃ አይገኝም። በገዳሪፍ ከተማ ደግሞ የመጠጥ ውሃ እጥረት የቆየ ችግር ነው። ስለዚህ ለኵሬ ቦታ የሚጠይቅ ሰው ሲቀርብ ሹማምንት ከሁሉ አስቀድመው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሊጠይቁት ይገባል፤ ዓሣውን ለማጥራት የሚያስፈልገው ውሃ ከሕዝቡ እንስራ መወሰድ የለበትምና። ኵሬው በወንዝ ወይም በመስኖ ቦይ አጠገብ ቢሆን፥ ከኵሬው የሚወጣውም ውሃ ለአትክልት ቢውል፥ አንዱ ውሃ ሁለት ጊዜ ያበላል።