ሰውን የፈለጉ ሮቦቶች፦ የዳፍት ፐንክን የመጨረሻ አልበም እንዴት እናድምጠው?

አንድን የሙዚቃ ሰው መውደድ ቀላል ነው። የወደድነው ሰው መንገዱን ሲለውጥ ግን መውደድ ብቻውን አይበቃም፤ ማድመጥን እንደገና መማር ያስፈልጋል። የፊተኛውን ሥራ የወደደ ሰው የኋለኛውን በፊተኛው ሚዛን ሊመዝን ይቸኩላልና፥ የጎደለውን ይቈጥራል እንጂ የተጨመረውን አያይም። ይህም በሙዚቃ ብቻ ሳይሆን በድርሰትም በሥዕልም የሚደርስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመረምራለን፤ ምሳሌያችንም ዳፍት ፐንክ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን በ2013 ያወጡት «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» የተባለው አልበም ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

አስቀድመን ታሪካቸውን ባጭሩ እንመልከት። ቶማስ ባንጋልተርና ጊ ማኑኤል ደ ኦሜም ክሪስቶ የፓሪስ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በጊታር የሚጫወት ትንሽ ባንድ ነበራቸው። አንድ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ ሥራቸውን የቂል ጩኸት አድርጎ ቢነቅፈው፥ በነቀፋው ከማዘን ይልቅ ቃሉን ወስደው ስማቸው አደረጉት። ዳፍት ፐንክ በ1993 የተወለደው እንዲህ ነው። በ1997 ያወጡት «ሆምወርክ» በመኝታ ቤት ውስጥ በተደረደሩ ማሽኖች የተሠራ ነበርና «የቤት ሥራ» የሚለው ስም በእውነት ይገባዋል። በ2001 «ዲስከቨሪ» ተከተለ፤ በእርሱም ከቀድሞ ሸክላዎች የተቀነጨቡ ድምፆች እንደ አዲስ ተሰፍተው ዓለምን አስጨፈሩ። በዚያው ዘመን ፊታቸውን በሮቦት ቁር ሸፈኑ። በ2005 የወጣውን «ሂዩማን አፍተር ኦል»ን ግን ብዙ ተቺዎች ችኮላና ድግግሞሽ አለበት ብለው ነቀፉት፤ በእርግጥም በጥቂት ሳምንታት ብቻ የተሠራ ነበር። ከዚያም በ2010 «ትሮን ሌጋሲ» ለተባለው ፊልም 85 ሙዚቀኞች ካሉበት ኦርኬስትራ ጋር ሙዚቃ ሠሩ።

እንግዲህ አድናቂው ስምንት ዓመት ሙሉ አዲስ አልበም ሲጠብቅ ቆይቶ በግንቦት 2013 የደረሰው 13 ዘፈኖችና ወደ 74 ደቂቃ ርዝመት ያለው ሥራ ሆነ። ወዲያውም ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ «ይህ የሰባዎቹ ዓመታት ሙዚቃ ነው፤ ወደፊት ይመሩናል ስንል ወደ ኋላ ሄዱ» አለ። ሌላው ደግሞ «ከሁሉ የበለጠው ይኸኛው ነው» ብሎ ተከራከረ። በጥር 2014 የአሜሪካው የግራሚ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎ ሰየመው፤ በድምፅ ቀረጻም ሸለመው። ይሁን እንጂ ሽልማት ክርክርን አይፈታም። ክርክሩን የሚፈታ ጆሮ ነውና ወደ ማድመጡ እንለፍ።

አንደኛው የምናደምጠው ነገር፥ የሚጫወተው ማን እንደሆነ ነው። በቀደሙት አልበሞች ማሽኑ ምቱን ሲይዝ ሰው ይከተለው ነበር፤ በዚህኛው ነገሩ ተገለበጠ። ከበሮውን በአብዛኛው ኦማር ሃኪምና ጆን ሮቢንሰን፥ ቤዝ ጊታሩን ኔተን ኢስት፥ ጊታሩን በ«ጌት ለኪ»ና በሌሎች ዘፈኖች የሺክ ባንድ መሥራች ናይል ሮጀርስ ይጫወታሉ። ከሌላ ሸክላ የተቀነጨበ ድምፅ የሚገኘው በመጨረሻው ዘፈን ብቻ ነው። እንግዲህ በ«ዲስከቨሪ» የሮጀርስን ዘመን ሸክላ ሲቀነጭቡ የነበሩት ሰዎች፥ አሁን ሸክላውን ትተው ባለሸክላውን ራሱን ጠሩት ማለት ነው። ወደ ኋላ መሄድና ወደ ምንጩ መውረድ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል።

ሁለተኛው፥ «ጆርጆ ባይ ሞሮደር» የተባለው ከ9 ደቂቃ የሚያልፍ ሥራ ነው። ጆርጆ ሞሮደር በ1940 በሰሜን ጣሊያን የተወለደ፥ በ1977 ከዶና ሰመር ጋር «አይ ፊል ላቭ»ን የሠራና የማሽን ዳንስ ሙዚቃ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነ ሰው ነው። በዚህ ሥራ አይዘፍንም፤ ወጣት ሳለ በመኪናው እያደረ እንዴት እንደተጫወተ፥ የነገውን ድምፅ እንዴት እንደፈለገ ይተርካል። ድምፁን ሲቀዱ የተለያየ ዘመን ሦስት ማይክሮፎኖች አቀረቡለት፤ ትረካው ዘመን ሲለውጥ ማይክሮፎኑም እንዲለወጥ ነው። ልዩነቱን የሚለይ አድማጭ ጥቂት እንደሆነ እያወቁ ይህን ማድረጋቸው ሥራን ማክበር ምን እንደሆነ ያስተምራል። ሽማግሌው ተናግሮ ሲያበቃም ከማሽኑ ምት ጋር የሃኪም ከበሮ ይገባል፤ በመጨረሻም ሰውና ማሽን እንደ ሁለት እልኸኞች እየተፎካከሩ ይወጣሉ። ማን አሸነፈ? ደጋግመን ብናደምጠውም መልሱ አንድ አይሆንልንም።

ሦስተኛው፥ ስሙ ራሱ ነው። «ራንደም አክሰስ ሜሞሪ» ኮምፒዩተር ሥራውን ለጊዜው የሚያኖርበት ክፍል መጠሪያ ነው፤ ኃይሉ ሲጠፋ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ሁለቱ ግን የመጨረሻውን ቃል ወደ ብዙ ቍጥር ለውጠው «ትዝታዎች» አሰኙት። የማሽን ማኅደር የሰው ትዝታ ሆነ ማለት ነው። «ተች» በተባለው ዘፈን በ1974 በወጣው የሚወዱት ፊልም ላይ የተጫወተውን ፖል ዊልያምስን ያስዘፈኑትም ለዚሁ ነው፤ የዚያ ዘፈን ነገር የሰው እጅ መንካት ናፍቆት ነው።

ትምህርቱን በተግባር ለመፈተን ለሚሻ መልካም መሣሪያ አለ። በኅዳር 2023 ይኸው አልበም ከበሮው ወጥቶለት እንደገና ታተመ። አንድ ዘፈን እንምረጥ፤ በመጀመሪያ ያለ ከበሮ፥ ቀጥሎም ከነከበሮው እናድምጠው። ከዚህ በፊት «ምቱ ነው የሚያስጨፍረኝ» ያልን ሁሉ፥ በቤዙና በጊታሩ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረውን ምት ያን ጊዜ እናገኘዋለን። የከበሮው መቺ ምን ጨመረ ለሚለውም መልሱ በጆሯችን ይገባል።

የተቃዋሚዎችን ቃል ግን በቀላል አንጣለው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፦ «ሆምወርክ» ገንዘብ የሌለው ወጣት በመኝታ ቤቱ ሊሠራው የሚችለው ነገር እንዳለ አሳየ፤ ይኸኛው ግን በፓሪስ፥ በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ ትልልቅ ስቱዲዮዎች የተሠራ የባለጠጋ ሥራ ነው፤ ለድኻ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? ነገሩ እውነትነት አለው። ቢሆንም አልበሙ ለድኻው የሚለው፥ «ስቱዲዮ ግዛ» ሳይሆን «ማሽኑ የሰጠህን ሁሉ እንዳለ አትቀበል፤ አጠገብህ ያለውን የሰው እጅ ፈልግ» ይመስለናል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ክራር የሚያውቅ አንድ ጓደኛ ይበቃል።

ሁለቱ ሰዎች በየካቲት 2021 ተለያዩ፤ ስለዚህም ይህ አልበም የመጨረሻቸው ሆኖ ቀረ። ዛሬ ኮምፒዩተር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰምቶ ዘፈንን ከነዘፋኙ በሚያዘጋጅበት ጊዜ፥ እነዚህ የሮቦት ቁር ያጠለቁ ሰዎች ያነሡት ጥያቄ ከ2013 ይልቅ አሁን ይከብዳል። ሁሉን የሚሠራ ማሽን ካለ፥ የሰው ድርሻ ምንድን ነው? እነርሱ ማሽንን ጠልተው ሳይሆን እስከ መጨረሻው አውቀውት ነው ወደ ሰው የተመለሱት። እኛም የምንወደውን ሁሉ እንዲህ ብናደምጥ፥ ማለት የለመድነውን ከመጠየቅ በፊት የተሰጠንን ብንመረምር፥ አድናቂነታችን ከጭብጨባ አልፎ ዕውቀት ይሆናል።