ካላመንሽበት አታጨብጭቢ

እስቲ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ። ለጓደኛሽ ስትጽፊ ከኋላሽ ቆሜ አየሁት፤ ታላቅ እህት ነኝና ይፈቀድልኛል። «የትናንቱ ቲያትር አስጠላኝ፤ ግን መሀል ላይ ጥሎ መውጣት ነውር አይሆንብኝም ወይ?» ብለሻታል። እሷ እስክትመልስልሽ እኔ ልቅደም።

ነውር አይደለም። ትኬት የቆረጥሽው ልታዪ እንጂ ልትታሰሪ አይደለም። ግን መልሱ በዚህ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ አንቺም ባልጨነቀሽ፣ እኔም ወንበር ስቤ ባልተቀመጥሁ።

ደብረ ታቦር ያደገ ሰው መሀል ላይ መነሳት ቢከብደው አይፈረድበትም። ከቅዳሴ መሀል አይወጣም፤ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ እስኪያሰናብት ይቆማል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው መውጣት ያስቀይማል። የማኅበር ጠላ ሳይመረቅ ብድግ ማለት ያሳማል። እስከ መጨረሻው መቆየትን ከአክብሮት ጋር አንድ ላይ ነው የተማርነው፤ ያንኑ ይዘን አዳራሽ ገባን። ቲያትር ግን ቅዳሴም ለቅሶም አይደለም። መድረክ ላይ የቆመው ሰው «ኑ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብሎ ጠርቶሻል። ካላሳየሽ ቃሉን ያጠፈው እሱ ነው፤ አንቺ የምታጎድዪው ሥርዓት የለም።

ደግሞ አገራችን መቀመጥን ብቻ አላስተማረችንም፤ መፍረድንም አስተምራናለች። ማኅሌት ላይ ቅኔ ሲበረከት፣ ምሥጢሩ የገባው «ይበል! ይበል!» ይላል። ቅኔው ካልጣመው ዝም ይላል። ማንም አይሳደብ፣ ማንም ጥሎ አይወጣ፤ ግን ያቺን ዝምታ የሰማ ተማሪ ሌሊቱን ሲያወርድ ሲያወጣ ያድራል። አዝማሪ ቤትም እንደዚያው ነው። ግጥሙ ካልተዋጠልሽ «ተቀበል!» ብለሽ የራስሽን ትሰጪዋለሽ፤ እሱም ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሰዋል። የሰሚው ፍርድ ለሠሪው እዚያው፣ ትኩስ እያለ ይደርሰዋል።

ቲያትር ቤት ስንገባ ይህን ሁሉ ረስተን ይሉኝታ ብቻ ይዘን እንገባለን። ሁለት ሰዓት ሙሉ እናዛጋለን፤ ሲያልቅ ቆመን እናጨበጭባለን፤ ማግስቱን ቡና ላይ ተዋናዩንም ደራሲውንም እንቦጫጭቃቸዋለን። እኔ የምቃወመው ይህን ነው። ወጥቶ የሄደ ሰው ቢያንስ አልዋሸም። አጨብጭቦ ያማ ሰው ግን ሁለት ጊዜ በደለ፤ ሠሪውን «ግሩም ነው» ብሎ አሳሳተው፣ ከዚያ ደግሞ በሌለበት ሰደበው። ያ ሠሪ የሚቀጥለውን ቲያትር እንዲያው አድርጎ ቢሠራው ጥፋቱ የማን ይመስልሻል?

መውጣትን በጣም አታክብጂው። ከሁሉም ፍርድ ቀላሉ እሱ ነው፤ አንቺን ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው። የከበደውን ፍርድ አገራችን ገና በመጀመሪያው ቲያትሯ አይታዋለች። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ለመኳንንቱ አሳዩ። በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ የቀረበው ትችት የታለመበትን ሰው ነካ። ንግሥት ዘውዲቱ፣ የእኛው የበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ ባለቤት የነበሩት፣ ቲያትር አገዱ፤ መድረኩ እንደገና ነፍስ የዘራው እሳቸው አልፈው በ1923 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጫን ነው። እንግዲህ በእኛ አገር መጀመሪያ ከአዳራሽ የወጣው ተመልካቹ ሳይሆን ቲያትሩ ራሱ ነበር። ያልወደድሽውን ጥለሽ ውጪ፤ ሌላው እንዳያይ ግን «ይታገድልን» አትበዪ። በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ርቀት አለ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከመነሳትሽ በፊት ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ያየሁት መጥፎ ነው ወይስ ያልለመድሁት? ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ተመልካች ብዙ ጊዜ አፍሯል። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ብቻ ነው የሚታወሱት፤ ግን አዲስ የዝማሜ ስልትም ያወጡ ሊቅ ናቸው። እንደሚተረከው የጎንደር ሊቃውንት ስልቱን አልቀበል ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም ተብሎ ትምህርት ቤት የቆመለት ያ ያልተወደደው ስልት ነው።

ፈረንጆቹም ጋ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን በመጠበቅ» በእነሱ አቆጣጠር በ1956 ማያሚ ላይ ሲያሳዩት፣ ሳቅ በሳቅ ነው ብለው አስተዋውቀውት ስለነበር ለብሶና አጊጦ የመጣው ተመልካች የመጀመሪያው ገቢር እንዳለቀ በብዛት ጥሎ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቲያትር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ክዌንቲን በሚባል ወህኒ ቤት 1,400 ለሚሆኑ እስረኞች አሳዩት። እስረኞቹ ጸጥ ብለው እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። ሁለት ሰዎች የማይመጣ ሰው ሲጠብቁ ማየት ማያሚን አሰለቸው፤ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ግን የራሱ ኑሮ ነበር። ስለዚህ አሰልቺ ያልሽውን ሁሉ መጥፎ አትበዪ። ግር ካለሽ ታገሺ። ግር ሳይልሽ፣ ቀጥሎ የሚባለውን ሁሉ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት የምታውቂው ከሆነ ግን ያኔ ብትነሺም አይቆጭሽም።

መጥፎውን እንዴት ልለየው ካልሽ፣ እኛ ዘንድ የሚበዛው በሽታ «ቅኔ ቢጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት» የሚባለው ነው። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው «ቴዎድሮስ»ን ከጻፉ ወዲህ ስንቱ ደራሲ በንጉሡ ላይ ብዕሩን ሞክሯል። ደብረ ታቦር ላይ ቴዎድሮስን መሥራት ደግሞ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ንጉሡ መቀመጫቸው አድርገዋታል፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋትም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ተመልካቹ ታሪኩን ከአያቱ ሰምቶ ያደገ ነው። ደራሲው ይህን ያውቃልና ንግግሩ ሲነጥፍበት በየአምስት ደቂቃው «ዘራፍ!» ያስብላል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። የተጨበጨበው ግን ለቴዎድሮስ ነው። ደራሲው ለእኔ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ባለው ቦታ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ መቀመጥ ከመውጣት ይበልጣል፤ ለቴዎድሮስ ያለሽን ፍቅር ማንም እንዲነግድበት አትፍቀጂ።

ቀጥሎ የምታዪው መድረክ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ነው። አዲስ አበባ፣ በ1927 በተመሠረተው ሀገር ፍቅር ወይም በ1948 በተከፈተው ብሔራዊ ቲያትር ተዋናዩ ደመወዝተኛ ነው። አንድ ቲያትር ሳምንታዊ ቀን ተቆርጦለት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይታያል። አንቺ ዛሬ ብትወጪ በሚቀጥለው ሳምንት ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ተዋናዩም ከዚህ የባሰ ብዙ አይቷል። እዚያ ከጨዋነት በቀር ዕዳ የለብሽም።

የከተማችን አማተሮች ግን ሌላ ነገር ናቸው። ከትምህርትና ከሥራ በተረፈ ሰዓት ወር ሁለት ወር ያጠኑትን በአንድ ምሽት፣ ቢበዛ በሁለት ምሽት ያሳያሉ። ንጉሡን የሚጫወተው ልጅ እናት ከኋላሽ ተቀምጣለች። ጋቢው ከአያት፣ ጎራዴው ከጎረቤት የተዋሱት ነው። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ያን እሳት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞቅ ልጅ ፊት ጀርባ ማዞር ሌላ ትርጉም አለው። ደግሞ ትንሽ ከተማ ውስጥ ማን እንደወጣ ሳይነጋ ይታወቃል፤ «ቲያትሩ አልጣማትም» አይባልም፣ «የእነ እንትናን ቤት ናቀች» ነው የሚባለው። ለወንዝሽ ልጆች እስከ መጨረሻው ቁጭ በይላቸው። የጉና ተራራ ብርድ አዳራሹን ሰንጥቆ ቢገባም ጋቢሽን ደርበሽ ቁጭ በይ። መቀመጥሽ ግን ማጨብጨብ አይደለም፤ ጥሩ የሠራውን ለይተሽ ለእሱ አጨብጭቢ።

አማተርም ይሁን ዝነኛ፣ ሳትጠብቂ የምትነሺበት አንድ ጊዜ አለ። ሳቁ ደካማውን በመርገጥ የሚገዛ ከሆነ ተነሺ። ባላገር ሲመጣ አፉን ከፍቶ የሚያይ ሞኝ፣ አነጋገሩ ብቻውን መሳቂያ፣ ሚስቱ የምትመታ፣ ዓይነ ስውሩ የሚደናቀፍ፤ እንዲህ ያለ ኮሜዲ ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጥቶ፣ የፋርታ ገበሬ የወለደን እኛን በራሳችን አባት እያሳቀን ገንዘባችንን ተቀብሎ ይመለሳል። እዚያ ላይ እኔ አልቀመጥም። አልጮኽም፣ አልሳደብም፤ ነጠላዬን አስተካክዬ እወጣለሁ። እንዲያ ያለው አወጣጥ ቢታይም ደግ ነው።

ሥርዓቱን ደግሞ ልንገርሽ፤ ሰው የሚቀየመው በመውጣትሽ ሳይሆን በአወጣጥሽ ነውና። ቲያትሩን የምትጠራጠሪ ከሆነ ስትገቢ ከኋላ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጪ። ቢያንስ ሁለተኛውን ትዕይንት ሳታዪ አትፍረጂ። መነሻሽ መብራት ጠፍቶ ትዕይንት ሲቀየር ነው፤ እረፍት ካለው ደግሞ እሱን ጠብቂ፣ ያኔ የወጣው ሁሉ ሽንት ቤት የሄደ ይመስላል። ተዋናይዋ ብቻዋን ቆማ እያለቀሰች ሳለ ግን በፍጹም። ጎንበስ ብለሽ እለፊ፤ የነጠላሽን ጫፍ ሰብስቢው፣ የሰው ፊት ላይ አይጎተት። የስልክሽን መብራት አታብሪ። በሩ ጋ ቆመሽ ለዘበኛው «ይህም ቲያትር ተብሎ» እያልሽ ንግግር አታድርጊ።

የክብር ጥሪ ተልኮልሽ ፊት ወንበር ከተቀመጥሽ ያው ታስረሻል፤ ጥሪውን የተቀበልሽ ጊዜ ተስማምተሻል። እናታችንን ይዘሻት ከሄድሽም እሷን ሳትጠይቂ አትነሺ፤ አንቺን ያንገሸገሸሽ እሷን አስደስቷት ሊሆን ይችላል። መሽቶ ባጃጅ እንዳላጣ ብለሽ ከወጣሽ ደግሞ ለማንም ማብራሪያ መስጠት አያስፈልግሽም። አልጣመኝም ብለሽ ገንዘብሽን መልሱልኝ ማለት አያምርም፤ ጣዕም ዋስትና የለውም። ማስታወቂያው ላይ ፎቶው የተለጠፈው ዝነኛ ተዋናይ ሳይመጣ ከቀረ ግን ሳታፍሪ ጠይቂ፤ እሱ የጥበብ ጉዳይ አይደለም፣ የገበያ ነው።

ወጣሽም ቆየሽም ግን አንድ ነገር ይቀርሻል፤ ለሠሪው መንገር። አዘጋጁን በማግስቱ ፈልጊውና የታየሽን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ቆርጠሽ ንገሪው። «አልወደድሁትም» አይጠቅመውም። «ሁለተኛው ገቢር ላይ ልጅቷ ለምን ይቅር እንዳለችው አልገባኝም፤ ከዚያ በኋላ ማመን አቃተኝ» ብትይው ግን ይዞት ሄዶ ይሠራበታል። ቢቆጣም ይቆጣ፤ ቅኔ ቤትም እርማት የጣፈጠው ተማሪ የለም። ስምሽን ደብቀሽ በፌስቡክ የምትወረውሪው ስድብ ግን ከዚህ አይቆጠርልሽም።

እንግዲህ የትናንቱን አንቺው መዝኚው። አማተሮቹ ከሆኑ መቆየት ነበረብሽ፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ከሆኑ ትዕይንት ሲቀየር ሹልክ ብትዪ ማንም አይፈርድብሽም። የትኛውም ቢሆን ሲያልቅ ከሰው ጋር ተነስተሽ ካጨበጨብሽ ግን ዛሬ ልታሚያቸው መብት የለሽም። በሚቀጥለው ጊዜ እጅሽን ሰብስበሽ ያዥ፤ መጀመሪያ ለእነሱ ንገሪያቸው፣ ከዚያ ቡናው ላይ የፈለግሽውን አውሪ።