የተቀደደ የጎማ ጀልባና ድንኳን በእራፊ ስለ መጠገን

በወንዝና በሐይቅ አጠገብ ያሉ ወረዳዎች በግምጃ ቤታቸው ከሚያኖሩት ዕቃ መካከል አየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ፣ ድንኳን፣ የእህል መክደኛ ሸራና የዝናብ ልብስ ይገኙበታል። እነዚህ ዕቃዎች ከዓመቱ የሚበዛውን ወር ታጥፈው ይተኛሉ። የሚፈለጉበት ቀን ግን ጥቂት ነው፤ ያም ቀን ሲመጣ ቀጠሮ አይሰጥም።

በ1998 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የኦሞ ወንዝ ከመጠን በላይ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ በዳሰነች ምድር ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ከብቱንና እህሉንም ጠርጎ ወሰደ። ውሃ የከበባቸውን ሰዎች ለማውጣት ጀልባና ሄሊኮፕተር ተሰማርተው ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ከግምጃ ቤት የወጣ ጀልባ ሲነፋ አየሩን የሚተፋ ሆኖ ቢገኝ፣ ሹሙ ምንም ቢቸኩል፣ ሠራተኛውም ምንም ቢተጋ፣ በዚያች ሰዓት የሚጸና ጥገና ሊደረግለት አይችልም። ምክንያቱም እራፊን የሚያጸናው ሙጫ እርጥብ አየርን አይወድም፤ ለመድረቅም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዋና ቃል ይህ ነው፦ የክረምት ጀልባ የሚጠገነው በበጋ ነው።

አባቶቻችን ውሃ የሚሻገሩበትን ዕቃ ሲሠሩ ጥገናውንም አብረው ያውቁ ነበር። የጣና ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ በፀሐይ ይደርቃል፤ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል እንጂ እራፊ አይደረግለትም። አየር የተነፋ የፍየል ቁርበት ይዞ ወንዝ የሚሻገር ሰውም ቁርበቱ ቢበሳ በጠፍር አጥብቆ ያስረዋል። የጎማ ጀልባ ግን የፋብሪካ ሥራ ስለ ሆነ ጥገናው የራሱ ሥርዓት አለው።

የሥርዓቱን ምክንያት ለመረዳት የጎማ ጨርቅን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። በ1823 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የስኮትላንድ ሰው ቻርልስ ማኪንቶሽ ጎማን በናፍታ አሟሙቶ በሁለት ጨርቅ መካከል በመቀባት ውሃ የማያሳልፍ ልብስ አወጣ። ነገር ግን ያ ጎማ በሙቀት ይጣበቅ፣ በብርድ ይሰነጠቅ ነበር። በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋራ ሲያሞቁት ሙቀትንም ብርድንም እንደሚችል አገኘ። በኋላም በሃያኛው መቶ ዓመት ከኬሚካል የሚሠሩ ልዩ ልዩ ጎማዎችና ፕላስቲኮች መጡ። ስለዚህ ዛሬ «የጎማ ጀልባ» ተብሎ የሚጠራው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነ ሙጫ ለሌላው ከንቱ ነው።

1ኛ፤ የዕቃውን ዓይነት ስለ መለየት።

በወንጌል ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተነገረውን ምሳሌ የማያውቅ የለም፤ ባሕርዩ የማይስማማ እራፊ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ዛሬም እራፊው ከሚለጠፍበት ዕቃ ጋራ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የሚነፉ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት ጨርቅ ይሠራሉ። አንደኛው ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው። ሁለተኛው ሃይፓሎን በሚባል ስም የታወቀው የኬሚካል ጎማ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የአሜሪካ ኩባንያ ዱፖንት በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሥራቱን ቢያቆምም፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ ዓይነት ጎማ ስለሚያወጡ ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል።

ሁለቱን ለመለየት በማይታይ ስፍራ ላይ ጥቂት አሴቶን በንጹሕ ጨርቅ ነክሮ ማሸት ነው። ፒ.ቪ.ሲ. ከሆነ ፊቱ ይለሰልስና በጣት ይጣበቃል፤ ሃይፓሎን ከሆነ ግን እንዲህ አይሆንም። የታወቀውም ዓይነት በጀልባው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው እንደገና እንዳይደክምበት።

ድንኳንም እንዲሁ ነው። ናይሎን ድንኳን በፖሊዩሬታን የተቀባ እንደ ሆነ የፖሊዩሬታን ሙጫ ይይዘዋል፤ በሲሊኮን የተቀባ እንደ ሆነ ግን ከሲሊኮን ሙጫ በቀር ሌላ አይይዘውም። የጥጥ ሸራ በመርፌ ተሰፍቶ ስፌቱ በሰም ይታሻል። ለተፈናቃዮች መጠለያ የሚታደለው የፖሊኤቲሊን ሸራ ደግሞ ተራ ሙጫን ፈጽሞ ስለማይቀበል፣ በሁለቱም ፊት የሚጣበቅ ጥቅል ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ ወይም እራፊ ተደርጎ ይሰፋል።

2ኛ፤ ቀዳዳውን ስለ ማግኘት።

ትልቁ ቀዳዳ በዓይን ይታያል፤ የሚያታልለው ትንሹ ነው። ጀልባውን በጥላ ስር ነፍቶ፣ ሳሙና በውሃ በጥብጦ፣ በብሩሽ መላውን አካሉን መቀባት ይገባል። አረፋ የሚያወጣውን ስፍራ በእርሳስ ማክበብ ነው፤ ቀለም በሙጫው ውስጥ ስለሚሟሟ በቀለም ምልክት ማድረግ አይገባም። የመንፊያው አፍም ይመርመር፤ ብዙ ጊዜ ተቀደደ የተባለ ጀልባ አፉ ላይ አሸዋ ገብቶበት ብቻ ይገኛልና። ዳግመኛም በቀን የተነፋ ጀልባ በሌሊት ብርድ አየሩ ስለሚሰበሰብ ጠዋት ለስልሶ ቢገኝ ወዲያው «ይተፋል» አይባልም፤ በቀን ሙቀት እንደገና ከተወጠረ ደኅና ነው።

3ኛ፤ እራፊውን ስለ መቍረጥና ስለ ማጽዳት።

እራፊው ከቀዳዳው ዳር በየአቅጣጫው 5 ሴንቲሜትር ያህል ይለፍ፤ ለድንኳን 3 ሴንቲሜትር ይበቃል። ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ሆኖ ይቈረጥ፤ ሹል ማዕዘን ያለው እራፊ ከዚያ ጀምሮ ይላጣልና። የተቀደደው ስፍራ ረጅም እንደ ሆነ አንዱ እራፊ በቀዳዳው በኩል ገብቶ ከውስጥ፣ ሁለተኛው ከውጭ ይለጠፋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማጽዳት የሥራው ግማሽ ነው። ጭቃው በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ፈጽሞም ይደርቃል። ሃይፓሎን የሆነ እንደ ሆነ የእራፊውም የጀልባውም ፊት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ይፋቃል፤ ጨርቁ እስኪታይ ግን አይደለም። ፒ.ቪ.ሲ. የሆነ እንደ ሆነ ሽፋኑ ስስ ስለ ሆነ ሳይፋቅ በማጽጃው ብቻ ይታሻል። ማጽጃውም የሙጫው ፋብሪካ ያዘዘው ይሁን። ከጸዳ በኋላ በጣት የነካው ሰው ሥራውን አበላሽቷል፤ የእጅ ቅባት ሙጫን ያሳስታልና።

4ኛ፤ ስለ መለጠፍ።

ለጀልባ የሚጸናው ሙጫ ሁለት ክፍል ያለው ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ይቀላቀላሉ። ሙጫው እንዲበረታ ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት ስሕተት ነው፤ የበዛበት ሙጫ ደርቆ ይሰበራል። አየሩ ደረቅ፣ ሙቀቱም መካከለኛ በሆነበት ሰዓት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት ስፍራ፣ አየሩ የወጣው ጀልባ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ይዘረጋል። በሁለቱም ፊት ስስ ሙጫ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ እንደገናም ስስ ሆኖ ይደገማል። የኋለኛው ቅብ በጣት ጀርባ ሲነኩት ጥቂት የሚይዝ ግን የማይከተል ሲሆን እራፊው ከአንድ ዳር ተጀምሮ ይቀመጣል። ከመካከልም ወደ ዳር በብረት ማንኪያ ጀርባ ወይም በእንጨት ዘንግ አጥብቆ በመዳመጥ አየሩ ይወጣል። አንድ ጊዜ ከነካ ማንቀሳቀስ የለምና እጅ ሳይቸኩል ዓይን አስቀድሞ ይለካ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነፋ ይቀመጣል፤ ተነፍቶም በሳሙና ውሃ ይፈተናል።

የእነዚህ ሙጫዎችና ማጽጃዎች ትንፋሽ ይመርዛል፤ እሳትም ፈጥኖ ይይዛቸዋል። ስለዚህ በተዘጋ ቤት፣ በምድጃ አጠገብ ወይም ሲጋራ በሚጠጣ ሰው ፊት አይሠራም፤ ሠራተኛውም ጓንት ያድርግ።

5ኛ፤ በመንገድ ላይ ስለሚደረግ ጥገና።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ምሳሌ ስለ ጊዜ የተነገረ ነው እንጂ ስለ ሙጫ አይደለም፤ ሙጫ በእርጥቡ አይይዝም። ቢሆንም በጉዞ መካከል የሚደርስ ጉዳት አለ። በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዙ መኰንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ጓድ በዓባይ ሸለቆ በጎማ ጀልባ በወረደ ጊዜ፣ መንገዱ ፏፏቴና የሾለ ድንጋይ የበዛበት፣ ገደሉም ከመንደር የራቀ ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጥገና የሚያውቅና መሣሪያውን የያዘ ሰው በጀልባው ውስጥ ካልተገኘ፣ ከከተማ እስኪመጣ የሚጠብቁት ባለሙያ የለም።

ለዚህ ጊዜ ራሱ የሚጣበቅ ዝግጁ እራፊ ይያዛል። ስፍራው በተቻለ መጠን ተጠርጎና ደርቆ፣ በአልኮል ታሽቶ ይለጠፍበታል። ይህ ግን እስከ ቤት የሚያደርስ ነው እንጂ ዘላቂ አይደለም፤ ጀልባው ሲመለስ ተልጦ፣ የቀረው ሙጫ ፈጽሞ ተጠርጎ፣ በደንበኛው ሥርዓት ይለወጣል። የጎሚስታ እራፊና የጫማ ማስቲሽ ለብስክሌት ጎማና ለጫማ ደኅና ናቸው፤ ለፒ.ቪ.ሲ. ጀልባ ግን አይስማሙም። በማስቲሽ የተለጠፈ እራፊ ለጊዜው የያዘ መስሎ በፀሐይ ሲሞቅ ይለቅቃል፤ ቅሪቱም ኋላ ለሚመጣው ትክክለኛ ሙጫ እንቅፋት ይሆናል። ቀዳዳው በመጋጠሚያው ወይም በውስጠኛው የአየር መክፈያ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ለባለሙያ ይተው።

6ኛ፤ ስለ አጠባበቅና ስለ መዝገብ።

ከጥገና የሚበልጠው እንዳይቀደድ መጠበቅ ነው። እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ሸራ ይሻግታል፤ በፀሐይ ተዘርግቶ የተረሳ ጀልባ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚን የፈሰሰበት ጎማ ይበላሻል፤ የእህል ፍርፋሪ ያለበት ጥቅል አይጥ ይጠራል። ስለዚህ ዕቃው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሳይጨናነቅ ተጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ለእያንዳንዱ ጀልባና ድንኳን የጨርቁን ዓይነት፣ የተጠገነበትን ቀን፣ የጠገነውን ሰው ስምና ሙጫው የሚያልፍበትን ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ቀኑ ያለፈበት ሙጫ ቆርቆሮው ቢሞላም ባዶ እንደ ሆነ ይቈጠር። ሹሙም በየዓመቱ ዝናቡ ከመጀመሩ ከሁለት ወር በፊት ጀልባዎቹን ሁሉ በፊቱ አስነፍቶ ይመልከት። በመዝገብ «ጀልባ 2» ተብሎ መጻፉ ሰውን አያሻግርም፤ የሚያሻግረው አየር የያዘው ጀልባ ነው።

የአንድ እራፊ ዋጋ ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀውም የአንድ ደረቅ ቀን ሥራና የአንድ ሌሊት ትዕግሥት ብቻ ነው። በጎርፍ መካከል በዛፍ ላይ ሆኖ የሚጣራ ሰው ግን ያን ደረቅ ቀን መልሶ ሊያመጣው አይችልም፤ በእጁ ሳለ ሊሠራበት የሚችለው በበጋ የግምጃ ቤቱን ቍልፍ የያዘው ሰው ነው።